የመኳንንት ጭቃና የገበሬ ጭቃ

በእንጅባራና በዳንግላ የዐሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት የጡብ ቤት ስላላገኙ ብቻ አዊ የሥነ ሕንፃ ታሪክ የለውም የሚሉ ወገኖች አሉ። ለመሆኑ የታሪክ መለኪያው ከመቼ ወዲህ ነው ጡብ የሆነው? በ1870ዎቹ ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመቀሌ የታነፀውና ኢጣሊያዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ ሥራውን የመራው ቤተ መንግሥት እንኳ የድንጋይ ሕንፃ ነው። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ከተሠሩት ስመ ጥር የመኳንንት ቤቶች ብዙዎቹ የቆሙት በእንጨትና በጭቃ ነው። የህንድና የአርመን ባለሙያዎች በረንዳቸውን ቢያስጌጡትም ግድግዳው ያው ጭቃ ነው። ታዲያ የመኳንንቱ ጭቃ ቅርስ ሲባል የአገው ገበሬ ጭቃ ስለምን ተራ ጭቃ ሆኖ ይቀራል?

የአዊ ክብ ቤት ዕውቀት የሌለበት መጠለያ አይደለም። ምሰሶው ይተከላል፤ ግድግዳው በእንጨት ቆሞ በማገር ይታሰራል፤ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። በባንጃና በአንከሻ ደጋ በየጓሮው የሚበቅለው ቀርከሃ ተሰንጥቆ ለማገርም፣ ለጣራም፣ ለአጥርም ይውላል። ተዳፋቱ የሣር ክዳን የእንጅባራን ረጅም የክረምት ዝናብ ቶሎ ያወርዳል። ከምድጃው የሚነሣው ጭስ በሣሩ ውስጥ እየሾለከ ሲወጣ እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው መሐንዲስ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

ቤቱ መቶ ዓመት አይቆምም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሣሩ ይበሰብሳል። በጃፓን የሚገኘው የኢሴ ቤተ መቅደስም በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ነገር ግን ጥንታዊነቱ በእንጨቱ ዕድሜ አይመዘንም፤ ከትውልድ ትውልድ በሚተላለፈው የእጅ ሥራ እንጂ። የእኛው ዐዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቢሆን ግዙፍነት የሌለውን ቅርስ ያውቃል።

ገበሬው ቆርቆሮ ስለመረጠ አንወቅሰውም፤ ክዳን ማደስ የሚበላውን ጉልበት እናውቃለን። በፋግታ ለኮማም ብዙ ማሳ ለከሰል በሚተከለው ዲከረንስ ተይዟል፤ ይህም ኑሮ ያመጣው ነው። ወቀሳችን ብዕርና ሜትር በያዙት ላይ ነው። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለመቅረጽ ወደ እንጅባራ የሚጎርፈው ካሜራ ብዙ ነው። ፈረሱ ከወጣበት ግቢ ገብቶ የጎጆውን ቁመትና ስፋት የሚለካ፣ የማገሩን አስተሳሰር ከሽማግሌው አፍ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ዩኒቨርስቲው እዚያው እንጅባራ ነው፤ ሜትርም ውድ ዕቃ አይደለም።