በሁለት ሥዕሎች መካከል

የዛሬው ወጋችን ከራሴ ቤት ይጀምራል።

ባለፈው ሰሞን ልጄ ከደብተሩ ሥር ኮሚክስ ደብቆ ሲያነብ አገኘሁት። «ሥዕል ማየትም ንባብ ሆነና ነው?» ብዬ ቀማሁት። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለኝ። ማታ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ግን ታሪኩ አልያዝልህ አለኝ። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ማንበብ ያቃተኝ እኔ ነበርኩ።

ኮሚክስ በቅደም ተከተል በተደረደሩ ሥዕሎች የሚነገር ታሪክ ነው። በአገራችንም የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ በተከፋፈሉ ትናንሽ ሥዕሎች የሚተርኩ የባህል ሥዕሎች ስላሉ ዘዴው ለእኛ እንግዳ አይደለም። አሜሪካዊው ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለዚህ ጥበብ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። መጽሐፉ ራሱም የተሠራው በኮሚክስ ነው። ጸሐፊው አብዝቶ ያተኮረው በሥዕሎቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያው ሥዕል አንዲት ልጅ ብርጭቆ ይዛ ትሮጣለች እንበል። በሚቀጥለው እናቷ ጎንበስ ብላ ስብርባሪ ትጠርጋለች። ብርጭቆው ሲወድቅ ማንም አልሣለውም። የጣለውም የሰበረውም በሐሳቡ አንባቢው ነው። ታዲያ ይህ ሥራ ፈትነት ነውን?

ሌላም አለ። የንግግሩ ማቀፊያ ዙሪያው ሾጣጣ ሲሆን ጩኸት፣ ደመና ሲመስል ሐሳብ ነው። አቅጣጫም ትምህርት ይፈልጋል። በአቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በ1979 መታተም የጀመረው «ማጂድ» የተባለው የዐረብኛ የልጆች መጽሔት ሥዕሎቹ የሚነበቡት ከቀኝ ወደ ግራ ነው። በአማርኛ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ከቁርአን ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ ሁለቱንም መንገድ ያውቃል።

ኮሚክስ ለጨዋታ ብቻም አይደለም። አርት ስፒገልማን አባቱ ከናዚ ካምፕ እንዴት እንደተረፈ አይሁዶችን በአይጥ፣ ጀርመኖችን በድመት መስሎ ተርኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል።

ይህን ስል ያገኙትን ሁሉ ለልጅ ይስጡ ማለቴ አይደለም። ጭካኔን የሚያስውብ፣ ለዕድሜው የማይገባ ኮሚክስ ሞልቷል። መለየት የሚቻለው ግን በመቀማት ሳይሆን አብሮ በማንበብ ነው። ቀጣዩን ሥዕል በእጅዎ ሸፍነው «አሁን ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ልጅዎ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚፈራም ይነግርዎታል።

በማግስቱ መጽሐፉን መለስኩለትና «እስቲ አስረዳኝ» አልኩት። መጀመሪያ ተጠራጥሮ አየኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ጣቱን በመጀመሪያው ሥዕል ላይ አኖረ። «አባዬ፣ ከዚህ ነው የሚጀመረው» አለኝ።