ፍጥነት ከመግዛትዎ በፊት

ከምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚመጣውን በቆሎና በርበሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ተረክቦ የሚነግድ ሰው ዛሬ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ምን እንደሚጎድል ገበያው አይቶታል። ታዲያ መደበኛ መስመር ያስገባው ነጋዴ ዴስክቶፑ ሲንቀራፈፍበት ፈጥኖ የሚያስበው ከፍ ያለ ጥቅል መግዛትን ነው። ሳይፈትሹ መጨመር ግን ገንዘብ መበተን ነው። ምነው ቢሉ፣ ችግሩ ከቤት ሊሆን ይችላላ! ዋይፋይ የምትቀበለው ትንሿ መሣሪያ ከኮምፒውተሩ የብረት ሳጥን ጀርባ፣ ከጠረጴዛ ሥር ትሰካለች። ራውተሩ ደግሞ ከቆርቆሮ ግድግዳ ወዲያ ይቀመጣል። ብረትም ቆርቆሮም ሞገዱን ይመልሱታል።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት። በገመድ ከፈጠነ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው፤ መቀበያዋን በማራዘሚያ ከፍ አድርጎ ማውጣት፣ አለዚያም ገመዱን እዚያው መተው። በገመድም ከተጎተተ ያን ጊዜ አቅራቢውን መጠየቅ ይገባል። (በነገራችን ላይ፣ በውሉ 8 ሜጋ ቢት የተባለው መስመር ፋይል ሲያወርድ ቢበዛ በሰከንድ 1 ሜጋ ባይት ነው። ስሌት እንጂ ሌብነት አይደለም።)

ወቀሳችን ግን በኮምፒውተር ሻጮች ላይ ነው። ገጣጥሞ «ይሠራል» ብሎ መሄድ ምን ዓይነት ንግድ ነው? በርበሬ ሳይመዘን የሚረከብ ነጋዴ የለም። ሻጩም በገመድና ያለ ገመድ የለካውን ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ እስኪጽፍ ድረስ ደንበኛው ቀሪ ሒሳቡን ይያዝ።