ፌስቡክና የመርዶ ሥርዓት

በወሎ፣ በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ በጠቅላላውም በሀብሩ ገጠር፣ ሰው ሲሞት መርዶው ለማን፣ መቼና በማን አንደበት እንደሚነገር የሚወስነው ሥርዓት በብራና ተጽፎ የተቀመጠ ባይሆንም፣ ከተጻፈ ሕግ ባላነሰ ጥንቃቄ ሲጠበቅ የኖረ ነው። ልጁ በሩቅ አገር የሞተበት አባት ከእርሻው ላይ ወይም በመንገድ ሳለ አይረዳም፤ እራቱን እንዲበላ፣ ሌሊቱንም በሰላም እንዲያድር ይደረግና፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ክርስቲያን ቢሆን የነፍስ አባቱ፣ ሙስሊም ቢሆን ሼሁ፣ ከሽማግሎችና ከቅርብ ዘመዶች ጋር መጥተው፣ እናትም ካለች የሚደግፏትን ሴቶች አስቀድመው በአጠገቧ አሰናድተው፣ ያን ከባድ ቃል ያወጡታል። ቄሱና ሼሁ ለመርዶ በአንድ ደጃፍ አብረው ቢቆሙ፣ እንግዳ ሰው ይደነቅ እንደሆነ ነው እንጂ የወሎ ሰው እንደ ልዩ ነገር አይቆጥረውም።

ወዳጆቼ ፌስቡክ የማልገባበትን ምክንያት ሲጠይቁኝ፣ አንዳንዱ ዕድሜዬን፣ አንዳንዱም የመሣሪያውን አጠቃቀም አለማወቄን ይገምታል፤ ምክንያቴ ግን ይኸው ሥርዓት ነው። አባቶቻችን መርዶን በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ያጠሩት፣ ኀዘኑ የራሱ የሆነው ሰው ከባዕድ በፊት እንዲሰማ፣ ሲሰማም ብቻውን እንዳይሆን ብለው ሲሆን፣ ዛሬ ግን አንድ የሩቅ ትውውቅ የሟቹን ፎቶግራፍ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ወይም «ኢናሊላሂ» ብሎ ስለሚጽፍ፣ እኅቲቱ ከገበያ መካከል ቆማ ስልኳን ስትከፍት የወንድሟን ሞት ከስምንት መቶ እንግዶች በኋላ ትሰማለች። የሚጽፈው ሰው ክፉ አይደለም፤ ያዘነ ነው። ነገር ግን ፌስቡክ፣ በጥር 2010 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ ብዙ ሰው የሚነጋገርበትን ጽሑፍ አስቀድሞ የሚያሳይ ስለሆነ፣ ከሞት ይልቅ ብዙ ሰው የሚያናግር ምን ነገር አለ?

ይህ ጉዳይ በሀብሩ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይከብዳል። ከመርሳና ከዙሪያዋ ቀበሌዎች ብዙ ወጣት፣ ሴትም ወንድም፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሥራ ይሰደዳል፤ ከነዚህም በበረሃ ወይም በባሕር ያለፈው አስከሬኑ ወደ አገሩ ሳይመለስ ይቀራል። ሬሳ በሌለበት፣ ግንዘትና ቀብር በሌለበት ኀዘን፣ ለቤተሰቡ የሚቀረው ሥርዓት መርዶው ብቻ ነው፤ እርሱንም ስልክ ሲነጥቀው፣ ወላጅ ልጁን የሸኘበት አንዳች ነገር አይኖረውም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይ ኤስ የተባለው ታጣቂ ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን የገደለበትን ምስል በበይነ መረብ በበተነ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የልጆቻቸውን ፊት በዚያ ምስል ለይተው ያወቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ከዚህ የሚከፋ አረዳድ አላውቅም።

ለፌስቡክ የሚከራከሩ ሰዎች የሰሜኑን ጦርነት ወራት ያነሡብኛል፤ ክርክራቸውም ኃይል አለው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ ስልክም መብራትም ተቋርጦባት በተያዘች ጊዜ፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የነበረው ወገን የእናቱን መኖር ለማወቅ ከፌስቡክ በቀር የሚጠይቀው አላገኘም ነበር። ይሁን እንጂ ከተማዋ ድምፅ አልነበራትምና የሚጽፉት በስፍራው ያልነበሩት ነበሩ፤ በሕይወት ያለ ሰው ሞተ እየተባለ ተለቀሰለት፣ የሞተውም ደኅና ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም.፣ የፌስቡክ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሀውገን በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ፣ ጽሑፎች የሚመረጡበት ያ ዘዴ ቁጣን እንደሚያስቀድምና እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔረሰብ ግጭትን እንደሚያባብስ ስትመሰክር፣ አገራችን በስም ተጠርታ ነበር። ቁጣን ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድና የሟቹን ፎቶግራፍ ከእናቱ በፊት ለመንገደኛ የሚያሳየው መንገድ አንድ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ፌስቡክን መዝጋት ይበጃል ማለቴ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ስደተኛው ልጅ ለእናቱ ደኅንነቱን የሚያሰማበት መንገድም አብሮ ጠፍቷልና፣ ያን ዓይነት ጸጥታ የሚመኝ ሰው እናት የሌለው መሆን አለበት።

እኔ የምለምነው ዕድሮቻችንን ነው። የዕድር ጡሩምባ ነፊ የሟቹ ቤት ሳይረዳ ጡሩምባውን እንደማይነፋ ሁሉ፣ አባልም ቤተሰቡ መረዳቱን ከሽማግሎች ሳይሰማ የሟችን ስምና ምስል በፌስቡክ እንዳያወጣ፣ የወልድያና የመርሳ ዕድሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፤ ተላልፎ የተገኘውም ከቀብር የቀረ አባል ከሚከፍለው ያላነሰ መቀጫ ይክፈል።