«ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም»

ዊንዶውስና ኡቡንቱ ጎን ለጎን የተጫኑበት ኮምፒውተር ሲበራ ከነጭራሹ የሚነሳበት ዲስክ ካጣ፣ ወይም «ግረብ ሬስኪዩ» የሚል ጥቁር ገጽ ላይ ከተገተረ፣ ከጥገና ቤቱ ጠረጴዛ ማዶ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም።» ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ከቦርሳው በቅጡ ሳይወጣ ይሰጣል። «ኡቡንቱስ?» ብሎ ለጠየቀ ደንበኛ ደግሞ «እሱ ምን ያደርግልሃል?» የሚል ምክር በነጻ ይጨመርለታል።

ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፈርምዌር ነው። በድሮዎቹ የባዮስ ማሽኖች ፈርምዌሩ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ያነባል። ሴክተሩ ያለው ሁሉ 512 ባይት ነው፤ ከዚያ ላይ 446ቱ የማስነሻው ኮድ፣ 64ቱ የፓርቲሽን ሠንጠረዡ ነው። በዩኢኤፍአይ ማሽኖች ደግሞ ለዚሁ ሥራ አንድ ትንሽ ፓርቲሽን አለች፤ ዊንዶውስ ሲጫን ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ያህል ይመድብላታል። የሁለቱም ሲስተሞች ማስነሻ በየፎልደሩ እዚያ ይቀመጣል። ማን ይቅደም የሚለው ቅደም ተከተል ግን የተጻፈው በራሱ በማዘርቦርዱ ማኅደር ነው። የባለቤቱ የመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ የሱቁ ሒሳብ ከእነዚህ በአንዱም የለም። 446 ባይት ተበላሸ ብሎ 500 ጊጋባይት የሚያጠፋ ሰው ባለሙያ ከተባለ፣ ቁልፍ ጠፋ ብሎ ቤት የሚያፈርሰውም ግንበኛ ይባል።

ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ራሱን ከፊት ስለሚያስቀምጥ «ኡቡንቱ ጠፋ» ይባላል፤ አልጠፋም፣ በዩኢኤፍአይ ማሽን ከፈርምዌሩ ሜኑ ተራውን መመለስ ነው። የሊኑክሱ ፓርቲሽን ከዊንዶውስ በኩል ከተሰረዘ «ግረብ ሬስኪዩ» ይመጣል፤ ዊንዶውሱ ግን ሙሉ ነው፣ በዩኢኤፍአይ ማሽን ከማስነሻው ሜኑ እሱን መምረጥ ይበቃል። የኡቡንቱ ማስነሻ የሆነው ግረብ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው ስሪት 2.06 ወዲህ ሌሎች ሲስተሞችን መፈለጉን ከመነሻው ዘግቶታል፤ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ቢታጣ አንድ የሴቲንግ መስመር ከፍቶ ሜኑውን ማደስ ነው።

ፎርማቱን ጨርሶ የሚያሳፍረው የነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጉዳይ ነው። በዚያ ወር የመጣው የማይክሮሶፍት የደኅንነት አፕዴት፣ ሴኪዩር ቡት (ፈርምዌሩ ማስነሻዎችን የሚያጣራበት ጥበቃ) በበራባቸው ብዙ ማሽኖች ላይ የቆዩ የሊኑክስ ማስነሻዎችን ከለከለ። ክልከላው የተመዘገበው በፈርምዌሩ ማኅደር ነው። ዲስኩ አሥር ጊዜ ቢጠፋ ክልከላው ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ የቆየው የኡቡንቱ መጫኛ ፍላሽም በዚያው ክልከላ ይቆማል። መፍትሔው ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ከኡቡንቱ ውስጥ ክልከላውን ማንሳት፣ ወይም አዲስ ማስነሻ መጫን ነበር። ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ሴኪዩር ቡት ከመጥፋቱ በፊት ባለ 48 አኀዙን የመክፈቻ ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚጠይቅ ጥገና ቤት ብርቅ ነው።

በእርግጥ የታመመ ዲስክ ሲመጣ ፎርማቱ የባሰ ይሆናል። ቀጭ ቀጭ የሚል፣ ለማንበብ ደቂቃዎች የሚወስድ ሃርድ ዲስክ የቀረችውን ዕድሜ ለባለቤቱ ፋይሎች ነው ማዋል ያለበት። ፈጣኑ ፎርማት ሴክተሮቹን አይፈትሽም፤ በዚያ ላይ ዊንዶውስ መልሶ መጫን በሞት አፋፍ ባለ ዲስክ ላይ ጊጋባይቶችን መጻፍ ነው፣ ሊድን ይችል የነበረውንም ይሸፍነዋል። ማሽኑን በሊኑክስ ላይቭ ፍላሽ አስነስቶ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚይዘውን የስማርት መዝገብ መመልከት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር እየጨመረ ከሆነ መጀመሪያ ዲስኩ ሙሉውን ወደ ሌላ ይገለበጣል፤ ማስነሻው የሚጠገነው በቅጂው ላይ ነው።