የሚሽከረከረውን ዘንግ ማን ይለካዋል?

ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ዋጃ ሲደርስ ሜዳው ሰፊ፣ መንገዱም ቀጥ ያለ በመሆኑ፣ ማሽላ ወይም ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ፍጥነቱን የሚቀንስበት ምክንያት አይታየውም። በዚሁ መንገድ ስንመላለስ ከአንድ ጊዜ በላይ የታዘብነው ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል፤ ይኸውም ዳር ይዞ የቆመ የጭነት መኪና፣ ከሥሩ በጀርባው የተኛ ረዳት፣ ከአጠገቡም የተጋደመ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ ከካምቢዮ የተነሣውን ኃይል ወደ ዲፈረንሻል የሚያደርስ ሲሆን፣ በጫፎቹ ላይ ጋራዦቻችን ከጣሊያን በወረሱት ቋንቋ ክሮቼራ የሚሏቸው፣ የመስቀል ቅርጽ ያላቸው መጋጠሚያዎች አሉት። ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ መልሱ ዘወትር «ክሮቼራው ተበልቶ ነው» የሚል ነው። ለምን እንደ ተበላ ግን የሚጠይቅ የለም።

ሕዝቡ ለአይሱዙ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ስም ካወጣለት ቆይቷል። ስሙ ጥፋቱን ሁሉ በሾፌሩ ፍጥነት ላይ ይጥላል። ፍጥነት ንጹሕ ነው አንልም። ይሁን እንጂ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ በነበረው መልክ መንገድ ላይ የሚገኘው ስንቴ ነው? አንዳንዱ ባለንብረት ሻሲውን አስቀጥሎ ያስረዝማል፤ ሌላው ባሌስትራው ላይ ቅጠል ያስጨምራል፤ ከዚያም ከተፈቀደለት በላይ ይጭንበታል። ሁሉም ሲለወጥ ዘንጉ ብቻ በቶርኖና በብየዳ ተቀጥሎ ይገባል እንጂ እንደ ገና የሚያሰላው ባለሙያ አይገኝም።

ነገሩ አዲስ ሳይንስ አይደለም። ሮበርት ሁክ ይህንኑ መጋጠሚያ እ.ኤ.አ. በ1676 ገልጾታል። ሁለት ዘንጎች በአንድ ክሮቼራ ጎበጥ ብለው ሲጋጠሙ የመጀመሪያው በእኩል ፍጥነት ቢዞርም፣ ሁለተኛው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። ማዕዘኑ 10 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 1.5 በመቶ ያህል ነው፤ 20 ዲግሪ ሲሆን 6 በመቶ ይደርሳል። ማዕዘኑ እጥፍ ሲሆን መንገጫገጩ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ፋብሪካው ይህን የሚያስወግደው ሁለቱን ክሮቼራዎች በእኩል ማዕዘን በማስቀመጥ፣ የዘንጉንም ሁለት ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ በማስተካከል ነው፤ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ያርመዋል። ብየዳው ላይ አንዱ ሹካ ሩብ ዙር ዞሮ ቢገባ ግን መተራረሙ ቀርቶ ስሕተቱ ይደመራል። ማዕዘኑ ፈጽሞ ዜሮ መሆኑም አይበጅም፤ በክሮቼራው ውስጥ ያሉት የመርፌ ኩሽኔታዎች ሳይላወሱ አንድ ቦታ ይቆፍራሉና።

በአሜሪካ ፒክአፓቸውን ለፍጥነትና ለውበት ዝቅ የሚያስደርጉ ወጣቶች ከዚሁ ችግር ጋር ይታገላሉ። እነርሱ ባሌስትራ ቀይረው ዝቅ ያደርጉታል፤ የእኛ ሰው ደግሞ በኩንታል ዝቅ ያደርገዋል። መኪናው ባዶ ሳለና ሲጫን የዲፈረንሻሉ ከፍታ ስለሚለያይ ማዕዘኑም ይለያያል። ስለዚህ መለካት ያለበት በሁለቱም ሁኔታ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ፕሮትራክተርና ቱንቢ ነው፤ ዛሬ የእጅ ስልክም ዝንባሌ ይለካል። ማዕዘኑ ከተዛባ በባሌስትራውና በዲፈረንሻሉ መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ያስተካክለዋል።

ርዝመቱ ከማዕዘኑ ይብሳል። ማንኛውም ዘንግ እንደ ክራር ክር የራሱ ንዝረት አለው፤ የሚዞርበት ፍጥነት ከዚያ ንዝረት ጋር ሲገጥም መሐሉ እየጎበጠ መገረፍ ይጀምራል። ይህ አደገኛ ፍጥነት ከርዝመቱ ስኩዌር ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ፣ 20 በመቶ የረዘመ ዘንግ አደገኛ ፍጥነቱ 30 በመቶ ያህል ይወርዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ፣ የጎማው ዙሪያ 2.5 ሜትር የሆነ መኪና ጎማው በሴኮንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ዲፈረንሻሉ ፍጥነቱን በአምስት የሚከፍል ከሆነ ዘንጉ 45 ጊዜ ይዞራል። በዋጃ ሜዳ ላይ መቶ ሲሞላ ደግሞ 55 ያልፋል። የረዘመ ሻሲ በመሐል ኩሽኔታ የተደገፈ፣ ሁለት ቦታ የተከፈለ ዘንግ የሚሻው ስለዚህ ነው።

ዘንጉ ሜዳ ላይ ቢሰበር ጉዳቱ ምናልባት የአንድ ቀን ገበያ ነው። ከኮረም ወደ አላማጣ በሚወርደው የግራካሱ ቁልቁለት ላይ ቢሰበርስ? የከፍታው ልዩነት አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ነው። ስምንት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ 78 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፤ ይህም ከ200 ሊትር በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ያፈላል። ልምድ ያለው ሾፌር በከባድ ማርሽ የሚወርደው ሸክሙን ለሞተሩ ለማካፈል ነው። ዘንጉ ሲሰበር ሞተሩ ከጎማው ይለያያል። ከዚህ የከፋውን ብዙ ተሳፋሪ አያውቀውም፤ በብዙዎቹ ትንንሽ አይሱዙዎች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ይህንኑ ዘንግ በካምቢዮው ጀርባ ነው እንጂ ጎማውን አይደለም። እርሱም አብሮ ይጠፋል። የወደቀው ጫፍ እየተወራጨ የፍሬን ቱቦ ከቆረጠማ የእግር ፍሬኑም ይከተላል።

እኛ በዩኒቨርሲቲ ያለን ሰዎች ይህን ሁሉ በግሪክ ፊደላት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ እንኖራለን፤ አንድም ተማሪ ፕሮትራክተር ይዞ ከመኪና ሥር እንዲገባ አላደረግንም። ወቀሳው ከራሳችን ይጀምራል። ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ደግሞ የምናቀርበው ሐሳብ አለ፤ ሻሲው ወይም ባሌስትራው የተለወጠ መኪና የዘንጉ ማዕዘን ባዶና ተጭኖ ይለካ፤ የፊተኛው ክሮቼራ አጠገብም ዘንጉን ከሥር የሚከብብ የብረት ቀለበት ይታሰርለት። የአሜሪካ የድራግ እሽቅድምድም ደንብ ይህን ቀለበት ያስገድዳል። ክሮቼራ ሲቀየር ያስቸግራል የሚል ተቃውሞ ሰምተናል። ቀለበቱ በአራት ቡሎን የሚታሰር ወፍራም የብረት ልባጭ ነው፤ አንድ የቆቦ በያጅ ከሰዓት በፊት ሠርቶ ሊጨርሰው ይችላል።