ጥርጣሬን መጣል ወይስ ጥርጣሬ መጣል? «ካስት» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥና የአንድ ፍቺ ልማዳችን

መግቢያ

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ ለአንድ የምርምር ዘዴ ኮርስ የተዛማጅ ጽሑፎች ዳሰሳ እንዳቀርብ ታዝዤ ነበር። ካነበብኳቸው መጣጥፎች የአንዱ ማጠቃለያ፣ አዲሱ ግኝት በቀደመው ንድፈ ሐሳብ ላይ ጥርጣሬን «ካስት» አደረገ ይላል። ይህን ግሥ «ወረወረ፣ ጣለ» በሚል ፍቺ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በቃሌ ይዤው ስለነበር መዝገበ ቃላት ማየት አላስፈለገኝም። ግኝቱ ጥርጣሬውን አውጥቶ ጣለው፣ በዚህም ንድፈ ሐሳቡን አጸናው ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነበር፤ ግኝቱ ንድፈ ሐሳቡን አጠራጣሪ አደረገው እንጂ አላጸናውም። መምህሬ ከኅዳጉ ላይ «እንደገና አንብብ» ከሚል ቃል በቀር ምንም አልጻፉልኝም። እንደገና ባነብም ስሕተቴን ለማየት ብዙ ቀን ፈጀብኝ፤ ፍቺውን አውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበርና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ስሕተት መነሻ አድርጎ፣ ኢመደበኛ የእንግሊዝኛ ግሦችን በአንድ ቅርጽ ዝርዝርና በአንድ የአማርኛ ፍቺ የማስተማር ልማዳችን ሊለወጥ ይገባል የሚል አቋም ማቅረብ ነው። ለማሳያ የተመረጠውም ይኸው «ካስት» የተባለው ግሥ ነው።

የግሡ አመጣጥና ቅርጽ

«ካስት» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የተወረሰ ቃል አይደለም። «ካስታ» ከሚለው የጥንታዊ ኖርስ ግሥ መጥቶ በመካከለኛው እንግሊዝኛ ዘመን ሥር የሰደደ ነው። ከዚያ በፊት መወርወርን የሚገልጸው ዋና ግሥ «ዌዮርፓን» ነበር። ይህ ግሥ ዛሬ «ዎርፕ» በሚል ቅርጽ ቢኖርም ትርጉሙ መጣመም ሆኗል። ዛሬ ለመወርወር የሚያገለግለው «ትሮው» ደግሞ ጥንት መጠምዘዝና ማዞር ማለት ነበር። የመወርወሩ ግሥ ወደ መጣመም፣ የመጠምዘዙ ግሥ ወደ መወርወር ተሻገሩ ማለት ነው። በመካከላቸው የገባው እንግዳው «ካስት» ለብዙ ዘመን የመወርወርን ቦታ ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በዚህ ግሥ የተሞላ መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው። ከጊዜ በኋላ ግን የዕለት ተዕለቱን መወርወር «ትሮው» ወሰደበት። ዛሬ ኳስ ወይም ድንጋይ ለሚወረውር ልጅ «ካስት» የሚል ተናጋሪ ብዙ አይገኝም። እንግዲህ በዝርዝሮቻችን ላይ ፊት ለፊት የሚጻፈው «ወረወረ» የሚለው ፍቺ፣ ለዛሬ አንባቢ እጅግ አነስተኛ ጥቅም ያለው ነው።

ቅርጹም የራሱ ወጥመድ አለው። «ትሮው» በኃላፊ ጊዜ «ትሩ»፣ በቦዝ አንቀጽ «ትሮውን» ስለሚሆን ጊዜው ከቅርጹ ይታወቃል። «ካስት» ግን በሦስቱም ቦታ አንድ ነው። በአማርኛ ጊዜውም ባለቤቱም በግሡ ላይ ተቀርጸው ስለሚመጡ፣ አንባቢያችን ይህን ምልክት ከግሡ ውጪ መፈለግን አልለመደም። ባለቤቱ ነጠላ ሦስተኛ መደብ ሲሆን «ስ» የምትለው መድረሻ መኖርና አለመኖር ብቻ የአሁኑን ጊዜ ከኃላፊው ይለያል፤ ባለቤቱ ብዙ ሲሆን ደግሞ ይህም ምልክት የለም፤ ፍርዱ የዐውዱ ነው።

ቃል በባልንጀራው

እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. ፈርዝ፣ የአንድ ቃል ትርጉም አብረውት ከሚውሉት ቃላት እንደሚታወቅ እ.ኤ.አ. በ1957 ያስረዳው ሐሳብ ለ«ካስት» በልክ የተሰፋ ይመስላል። ከመረብ ጋር ሲውል ዓሣ ማጥመድ፣ ከመልህቅ ጋር መርከብ ማቆም፣ ከድምፅ ጋር መምረጥ፣ ከብርሃን ጋር ማብራራት፣ ከጥርጣሬ ጋር ማጠራጠር ይሆናል።

በዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተማሪው በየትምህርት ክፍሉ ሌላ ሌላ «ካስት» ያገኛል። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ሲያነበው አርማታ መሙላት ነው፤ የብረታ ብረት ተማሪ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ማርጋት ይለዋል። ለሕክምና ተማሪ በተሰበረ እጅ ላይ የሚታሰር ጀሶ ነው። የቴአትር ተማሪ ገጸ ባሕርያትን ለተዋንያን ማደልደል መሆኑን ያውቃል፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊው ደግሞ የአንድን ዋጋ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት መለወጥ መሆኑን። ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ የሚወረወር ነገር አይታይም።

ከዚሁ ግሥ የተወለደው «ብሮድካስት»ም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ዛሬ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ስርጭት ከመሆኑ በፊት ዘርን በእጅ እየበተኑ መዝራት ነበር። የግብርና ተማሪዎቻችን ዛሬም በጥንቱ ትርጉም ያገኙታል፤ ጤፍን በብተና መዝራትና በመስመር መዝራት የሚነጻጸሩባቸው የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ብተናውን የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪውና የግብርና ተማሪው አንድ ቃል እያነበቡ፣ አንዱ ማይክሮፎን ሌላው እፍኝ ጤፍ ያያል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የእኛው «ጣለ»

ይህ ሁሉ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር ነው ማለት ግን አይደለም። የራሳችንን «ጣለ» እንመልከት። ዝናብ ይጥላል፤ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ታጋይ ባላጋራውን ይጥላል። ድንኳን ይጣላል፤ ዕጣ፣ ዕቁብ፣ ግብር፣ ማዕቀብም እንዲሁ። ባለሙያ ሴት ጠጅ ትጥላለች፤ ሙሽራ ጥሎሽ ያመጣል፤ የእግር ኳስ ቡድኖች በጥሎ ማለፍ ይጫወታሉ። አንድ የውጭ አገር ተማሪ «ጣለ ማለት ወረወረ ነው» ብሎ ከእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ፊት ቢቆም እናዝንለታለን። እኛ «ካስት» ፊት የቆምነው ግን በዚሁ አኳኋን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመን ደግሞ የአማርኛው ግሥ አቅጣጫን የሚገልጽበት መንገድ ነው። «ጣለበት» እና «ጣለለት» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሸክም ያሳርፋል፣ ሁለተኛው ሲሳይ ያወርዳል። እንግሊዝኛው ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ግሡን በሚከተሉት መስተዋድዶችና ተውሳከ ግሦች ነው። የእኔ ስሕተት የመነጨውም ከዚህ ላይ ነበር። ግሡንና ጥርጣሬን አይቼ «በላዩ» የሚለውን መስተዋድድ ዘለልኩት። ዓረፍተ ነገሩን «ጥርጣሬ ጣለበት» ብዬ ብፈታው ኖሮ፣ የአማርኛው «በት» ብቻ ከስሕተት ባዳነኝ ነበር።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ ተማሪው መጀመሪያ አንዱን መሠረታዊ ፍቺ ይያዝ፣ ሌላው በንባብ ይመጣል የሚል። በመርሕ ደረጃ ልክ ነው። ችግሩ ለ«ካስት» የምንሰጠው መሠረታዊ ፍቺ ተማሪው በንባቡ እምብዛም የማያገኘው መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ የተያዘ ፍቺ ሌላ ፍቺ መፈለግን ያስቀራል፤ የማያውቀውን ቃል የሚፈልግ ተማሪ አውቀዋለሁ የሚለውን አይፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ አማርኛን ወደ እንግሊዝኛ ክፍል ማስገባት መደናገርን ያመጣል የሚል ነው። ይህም ከንቱ ስጋት አይደለም። በእንግሊዝኛ ዓይንን በአንድ ረቂቅ ላይ «ካስት» ማድረግ ፈጠን ብሎ ማየት ነው፤ በአማርኛ «ዓይኑን ጣለበት» ግን መመኘትን ያሰማል። ሆኖም አማርኛው በክፍሉ ውስጥ በይፋ ባይነገርም በተማሪው ልቡና ውስጥ አለ። መመሳሰሉንና መለያየቱን በግልጽ ማሳየት፣ ተደብቆ እንዲያሳስት ከመተው ይሻላል።

ምን ይደረግ?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አድርጎታል። ስለዚህ የአንድ ግሥ ስሕተት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ዳሰሳ ጽሑፉ፣ ከዚያም ወደ መመረቂያ ጽሑፉ ይሻገራል። በእኔ እምነት ሦስት ነገሮች ያለ ብዙ ወጪ ሊጀመሩ ይችላሉ። አንደኛ፣ በመማሪያ መጻሕፍት መጨረሻ የሚታተመው የኢመደበኛ ግሦች ዝርዝር ከእያንዳንዱ ግሥ አጠገብ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ይያዝ። ለዚህ አርአያ አናጣም፤ የቮልፍ ሌስላው ዐውዳዊ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያሳየ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል በሙያው የተለየ ፍቺ ያላቸውን የተለመዱ ግሦች ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በአንድ ገጽ ያዘጋጅ። ሦስተኛ፣ የዳሰሳ ጽሑፍ የሚያርሙ መምህራን ስሕተቱን ከማመልከት አልፈው የስሕተቱን ቃል ያስምሩበት።

ማጠቃለያ

«ካስት» አንድ ክፍለ ቃል ያለው፣ ቅርጹ የማይለወጥ ትንሽ ግሥ ነው። ቅርጹ አለመለወጡ ትርጉሙም የማይለወጥ ያስመስለዋል። ተመራማሪ የሌላውን ሰው ግኝት ሲጠቅስ አደራ ይቀበላል፤ የጸና ያለውን የጸና፣ ያጠራጠረውን አጠራጣሪ ብሎ ማስተላለፍ አለበት። እኔ ያንን አደራ ያጎደልኩት ግሡን ሳላውቅ ቀርቼ ሳይሆን፣ ከአጠገቡ ያሉትን ቃላት ሳላያቸው በማለፌ ነበር። ከእኔ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች ዝርዝሩን ስንሰጥ፣ ግሡን ከነባልንጀሮቹ እንስጣቸው።