ጥበብና ሂሳብ

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር የነበራችሁ ሁሉ የቀሐን ዳር ታውቁታላችሁ። ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ የፋሲልን መዋኛ ሲሞላው አገሬውና እንግዳው በአንድነት ይጎርፋል። እንዲህ ባለ ቀን አንድ የሥነ ጥበብ ተማሪ የግንቡን ሥዕል ይዞ ለሽያጭ ወጣ እንበል። እንግዳው «ዋጋው ስንት ነው?» ሲለው ተማሪው አንገቱን ደፍቶ «እንደ ፈቀዱ» ይላል፤ 2,000 ብርም ይቀበላል።

እስቲ አብረን እናስላ። ለሸራና ለቀለም 900፣ ለፍሬም 400፣ ለመጓጓዣ 100 ብር አውጥቶ ከሆነ የተረፈው 600 ብር ነው። ሥዕሉ ስድስት ቀን ፈጅቶበት ከሆነ የቀን ድካሙ በ100 ብር ተሸጠ ማለት ነው። እርሱ ግን 2,000 ብር ያተረፈ መስሎት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። ብርሃንና ጥላን ያስተማሩት መምህራን ሞልተዋል፤ ይህችን ትንሽ ሂሳብ ግን ማን አስተማረው?

«ጥበብና ንግድ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን የጎንደር ዘመን ሠዓልያን በባዶ ሆድ አልሠሩም። በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብን የመሰሉ ባለጸጎች ያሠሯቸው ነበር። በቤተ ክህነትም ቁም ጽሕፈት የተማረ ሰው ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ መጽሐፍ ጽፎ ዋጋውን ይቀበል ነበር። ዛሬ ቤተ መንግሥቱ ገዢ አይደለም፤ ገዢው በየመንገዱ የሚያልፈው ሰው ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ገዢውን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ከቅርብ ዘመን ደግሞ አፈወርቅ ተክሌን እንመልከት። ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ሲሆን እሳቸው ግን ሥዕልን መረጡ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 አዲስ አበባ ላይ ኤግዚቢሽን ከፈቱ፤ ባገኙትም ገንዘብ ወደ አውሮፓ ተመልሰው የባለ ቀለም መስተዋትን ጥበብ ተማሩ። በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕል የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው። የሥዕል ገንዘብ ተመልሶ ሥዕልን አሳደገ ማለት ነው።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪዎች በ2012 ዓ.ም. በተዘረጋው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ውስጥ ኢንተርፕረነርሺፕ፣ ማለት የሥራ ፈጠራ ትምህርት፣ ገብቷል። መልካም ጅምር ነው። ዳሩ ግን ብሩሹን ገና በቅጡ ላልጨበጠ ጀማሪ ከሌላው ሁሉ ጋር በአንድ አዳራሽ የሚነገር ትምህርት ብቻውን አይበቃም። የሥዕል፣ የሙዚቃ፣ የቴአትርና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በመጨረሻው ዓመት፣ በገዛ ሥራው ላይ፣ ሦስት ነገር ሊለማመድ ይገባዋል፤ ዋጋ መተመን፣ ውል መጻፍና መብቱን ማወቅ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል፤ ያን መብት ለሌላ ማስተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። ይህን የማያውቅ ዘፋኝ ወይም ደራሲ ድካሙን በቃል ብቻ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል።

«እንዲህ ከሆነ ጥበቡ ለገበያ ሲባል ይረክሳል» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ጥበቡን የሚያረክሰው ሂሳብ የማያውቀው ነው። በርካሽ ስለሚሸጥ ያንኑ ግንብ መቶ ጊዜ ደጋግሞ ለመሣል ይገደዳል። ሂሳብ የሚያውቀው ግን አንዱን በሚገባ ዋጋ ሽጦ፣ በተረፈው ጊዜ ልቡ የወደደውን ይሠራል። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፤ እውነት ነው፤ ዋጋ ግን በአፍ መነገር አለበት።

እናንተም የመንግሥት ሥራ ይዛችሁ ታናናሾቻችሁን የምትረዱ ወጣቶች፤ ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ «ሥዕል ልማር» ሲሉ «ምን ልትበሉ ነው?» ብላችሁ ተስፋቸውን አትቁረጡ። ይልቅስ «ሂሳቡንና ውሉንስ የት ትማራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ በየቤቱ ከተጠየቀ ነገ ከትምህርት ቤቱም መልስ ይገኝለታል።